ሃያ ሰባት ክርና አምስት መቶ ቃል

ናይሮቢ፣ ጥቅምት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ የሽዋስ
ደብረ ማርቆስ

የክረምቱ ብርድ ከጉልበትዎ ወጥቶ፣ የጥቅምት ፀሐይ በረንዳዎ ላይ ደርሳ እንዳገኘችዎ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በሟች እናቴ በሥራነሽ አምላክ ደህና ነኝ። ቤተ ሙከራው ያው ነው። ሰው ከየጉድጓዱ ውሃ በጠርሙስ ያመጣል፤ እኔ መርምሬ «ይጠጣል» ወይም «አይጠጣም» ብዬ እፈርማለሁ። ከዚያ ያለፈ ጥያቄ የሚጠይቀኝ የለም። እኔ ግን ውሃው ከየት እንደሚመጣና ለምን እንደሚያንስ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ሆላንድ አገር ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ በከርሰ ምድር ውሃ ለሁለተኛ ዲግሪ፣ ወጪ ችሎ፣ ተማሪ ይቀበላል። ሠላሳ ሁለት ዓመት የሞላው ግን ማመልከት አይችልም። እኔ የፊታችን ሚያዝያ እሞላለሁ። ስለዚህ ያለኝ ይህ ዓመት ብቻ ነው። ማስረጃው ሁሉ ተሟልቷል፤ የቀረው ድርሰቱ ነው። ይህን ትምህርት ለምን እንደመረጥኩ በእንግሊዝኛ፣ በአምስት መቶ ቃል ጻፊ ይላል። እኔ የጻፍኩት አንድ ሺህ ሰማንያ ስድስት ቃል ነው። ኮምፒዩተሩ ላይ የሚሞላ ሳጥን ስለሆነ ልመና አያውቅም፤ አምስት መቶ አንደኛዋን ቃል አይቀበልም። ሁለት ጊዜ ላሳጥረው ተቀምጬ ሁለቱንም ጊዜ ረዝሞ ተነሣ።

የማስገቢያው የመጨረሻ ቀን ጥር 7 ነው። ድርሰቱን ፎቶኮፒ ቤት ላላት ለዜማ በኢሜይል ልኬዋለሁ፤ ታትምልዎታለች። አምበር ትምህርት ቤት ያስተማሩኝ ጊዜ ያደርጉ እንደነበረው በቀይ እስክሪብቶ ይዩልኝ። አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፦ ስለ እርስዎ የጻፍኩትን አይንኩብኝ።

ልጅዎ ማርያማዊት ሙላት


ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ማርያማዊት

የእህቴ የሥራነሽ አምላክ በሰው አገር ከፊትሽ ይቅደም። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ዳገት ላይ ያማርራል እንጂ ሜዳ ላይ ይታዘዘኛል። ዜማ ድርሰቱን በሰፊ መስመር አትማ ሰጥታኛለች፤ ይህን ደብዳቤም ፎቶ አንሥታ የምትልክልሽ እርሷ ናት።

ቃላቱን ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ። ሦስቱንም ጊዜ 1,086 ሆነ፤ ቆጠራሽ ትክክል ነው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን አንቀጽ ለብቻው ቆጠርኩ።

ለኮሚቴው ያቀረብሽው ሰላምታ፣ የጤናቸውና የቤተሰባቸው ጥያቄ ጭምር፣ 94 ቃል ነው። ይህ የእኔ ጥፋት ነው። ሰባተኛ ክፍል ሳለሽ «ሰላምታ የሌለው ደብዳቤ አጥር ዘሎ እንደ ገባ ሰው ነው» ብዬ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። ይህ ድርሰት ግን ደብዳቤ አይደለም፤ በሩን ራሳቸው ከፍተው ይጠብቁሻል። ይውጣ። አምስቱ ምሳሌያዊ አነጋገሮች 71 ቃል ወስደዋል። በእንግሊዝኛ ሲነበቡ የሚያስቁ አይደሉም፤ ይውጡ። የአገርሽ የአነደድ ወረዳ ከፍታ፣ የአየር ጠባይና አዋሳኝ ወረዳዎች 118 ቃል ናቸው። ያስተማርኩሽን ጂኦግራፊ ስላልረሳሽ ደስ ብሎኛል፤ ይውጣ። «በጣም» የሚለውን ቃል 23 ጊዜ ጽፈሻል። አንዱም ምንም አልጨመረም።

ይህ ሁሉ ሲደመር 306 ነው። 780 ቀረሽ።

አሁንም 280 ይተርፋል። ስለ እኔ የጻፍሽው 214 ነው። ስለ እንጀራ እናትሽ ስለ ደስታነሽ የጻፍሽው 66 ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ልክ 280 ይሆናሉ። በሁለቱም ላይ ቀይ እስክሪብቶ አላሳረፍኩም። ጥቂት ቀን ስጪኝ።

አጎትሽ የሽዋስ


ናይሮቢ፣ ኅዳር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ የሽዋስ

እጅዎ ይባረክ፤ ቀይ እስክሪብቶዎ አይድረቅ። «በጣም» 23 ጊዜ መሆኑን ሳነብ ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። 306ቱንም አውጥቻለሁ።

ስለ ቀሪው 280 አስቤበታለሁ። የደስታነሽ 66 ቃል ይውጣ። ኮሚቴው እንጀራ እናቴን ማወቅ አያስፈልገውም። ለእርስዎ አዲስ ነገር አይደለም፦ ጠዋት ጠዋት ከትምህርት በፊት ወደ ወይራው ምንጭ ትልከኝ፣ ጀሪካኑ እስኪሞላ «በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል» የሚለውን ጸሎት ስንት ጊዜ እንደደገምኩ ቆጥሬ እንድነግራት ታዘኝ ነበር። መንገድ ላይ ስጫወት እንዳልቆይ የምትቆጣጠርበት ዘዴ ነበር። እየቆጠርኩ ስንት ቀን ደወል አመለጠኝ። አባቴ «እቴቴ በያት» እያለ ሲለምነኝ አንድም ቀን አላልኳትም። አባቴ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆነው፤ ከቀብሩ ወዲህ አልተነጋገርንም። እርሷን ማውጣት አያስቸግርም።

እርስዎን ግን አላወጣም። 214ቱን ወደ መቶ ላወርደው እሞክራለሁ እንጂ አልጥለውም። እርስዎ ለዓመታት ተመላልሰው ምንጩን ባይለኩና አሥራ ሁለቱን ቁጥሮች በካሬ ደብተር ጽፈው ባይሰጡኝ ኖሮ፣ የአሥረኛ ክፍሉ የሳይንስ ዐውደ ርእይ አልነበረም፤ ዛሬ ይህ ድርሰትም አይኖርም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ አለኝ። የኮሚቴው መመሪያ «ያቀረብሽው መረጃ እንዴት እንደተለካ ግለጪ» ይላል። ደብተሩን አውጥቼ አየሁት። 4፣ 4፣ 5፣ 5 እያለ እስከ 7 ይደርሳል። ነገር ግን አሃዱ የለም። ሊትር ይሁን፣ ደቂቃ ይሁን፣ ስንዝር ይሁን አልተጻፈም። እርስዎ አሃድ ለሌለው ቁጥር ዜሮ ነበር የሚሰጡን። በምን ነበር የለኩት?

ልጅዎ ማርያማዊት


ናይሮቢ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ የሽዋስ

ቸር ወሬ ያሰማኝ። ከላኩልዎ ሦስት ሳምንት አለፈ። የዜማ ስልክ አይጠራም። ኔትወርክ የለም የሚሉ አሉ፤ ሌላም ሌላም የሚሉ አሉ። ድርሰቱ ይቅር፣ አሃዱም ይቅር። ደህና መሆንዎን የሚነግረኝ አንድ መስመር ይበቃኛል።

ማርያማዊት


ደብረ ማርቆስ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ማርያማዊት

ያሳሰብሁሽን አምላክ በሰላም ይካስሽ። አለሁ፤ ጤነኛም ነኝ። ኔትወርኩ ዛሬ ጠዋት ተመለሰ፤ ዜማ ሱቋን ከከፈተች ገና ሁለት ሰዓት መሆኑ ነው። የዘገየሁት ግን በኔትወርክ ብቻ አይደለም። ላቀረብሽልኝ ጥያቄ መልስ ለመስጠት አንድ ቦታ መሄድ ነበረብኝ፤ ለመሄድ ደግሞ መንገድ እስኪከፈት መጠበቅ ነበረብኝ። ስለ መንገዱ ሌላ አልጽፍም። በተከፈተ ዕለት እስከ አምበር በመኪና፣ ከአምበር እስከ አባትሽ ቀዬ በእግሬ ሄድኩ። ድሮ አንድ ሰዓት ከሩብ ይበቃኝ ነበር፤ አሁን ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ።

በቅደም ተከተል ልንገርሽ።

ምንጩን የለካሁት እኔ አይደለሁም። አንድም ቀን አልለካሁም። በ2002 ዓ.ም. የካቲት፣ ዐውደ ርእዩ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ የምታቀርቢው አጥተሽ ስታለቅሺ አየሁና ከአባትሽ ልመክር ቤታችሁ መጣሁ። ሙላት አውድማ ላይ ነበር። ቤት ያገኘኋት ደስታነሽን ነው። የመጣሁበትን ስነግራት ተነሥታ፣ ከምሰሶው ላይ የተንጠለጠሉ አሥራ ሁለት ክሮች አውርዳ ጭኔ ላይ አኖረችልኝ። በየክሩ ላይ ቋጠሮ ነበረ። የቋጠሮዎቹን ቁጥር በካሬ ደብተር ገለበጥኩ። ልወጣ ስል በሩ ላይ አቆመችኝና፣ «የእኔ ነው እንዳይሏት። ከእኔ እጅ እንኳን ቁጥር ውሃም ደስ ብሏት አትቀበልም» አለችኝ።

እኔም አላልኩሽም። ያን ጊዜ ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። አንቺ ግን አንደኛ ወጣሽና ታመሰግኚኝ ጀመር። በየዓመቱ አመሰገንሽኝ፤ እኔም በየዓመቱ ተቀበልኩ። አሥራ አምስት ዓመት የሌላ ሰው ምስጋና በላሁ። አሃዱን ሳልጽፍ የቀረሁት ረስቼ አይደለም። ብጽፈው የማን ሥራ እንደሆነ ወዲያው ታውቂ ነበር።

አሃዱ «በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል» ነው።

እንስራዋን ከምንጩ ጉሮሮ ሥር ትደቅንና ጸሎቱን ትጀምራለች። እንስራው ሞልቶ እስኪፈስ ስንት ጊዜ እንደደገመች ትቆጥራለች። ቤት ገብታ በአንድ ክር ላይ ያን ያህል ትቋጥራለች። ይህን የምታደርገው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ኅዳር 21 ቀን፣ ከቅዳሴ መልስ ነው። ለምን በዚያ ቀን እንደሆነ ስጠይቃት «ጸሎቱም የማርያም፣ ቀኑም የማርያም» አለችኝ።

አሁን ክሮቹ ሃያ ሰባት ሆነዋል። ፈቃዷን ጠይቄ በተራ ግድግዳው ላይ ሰቀልኳቸው። አባትሽን ካገባች በኋላ የለካችው የመጀመሪያው፣ የ1991ዱ፣ አራት ቋጠሮ አለው። የዘንድሮው አሥራ አንድ። ሁሉንም አንድ ዓይነት ክፍተት እየተወች ነው የቋጠረችው፤ ስለዚህ ቋጠሮው ሲበዛ ክሩ ይረዝማል። ከግራ ወደ ቀኝ እያደር ይወርዳሉ። መካከል ላይ ሁለት ክር አጠር ይላል፤ ቁጥሩ ከዘጠኝ ወደ ስምንት ተመልሷል። ከምንጩ በላይ ያለው ዳገት እርከን የተሠራለት ጊዜ ነው። እርሷ ለምን እንደቀነሰ አላወቀችም፤ ያየችውን ግን ሳታስተካክል ቋጠረች። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ልጆችን ግራፍ ሣሉ እያልኩ አስተምሬያለሁ። ከዚያ ግድግዳ ፊት ስቆም ባርኔጣዬን አወለቅሁ።

ልማድ ነውና ላረጋግጥ ፈለግሁ። ምንጩ ዳር ወርደን፣ ሰዓቴን ይዤ ጸሎቱን ሦስት ጊዜ አስደገምኳት። ሠላሳ ስምንት ሰከንድ፤ ሠላሳ ስምንት፤ ሠላሳ ዘጠኝ። እንስራው አሥራ ስምንት ሊትር ይይዛል። ለየዕለቱ የምትቀዳው እንደ አገሩ ሁሉ በቢጫ ጀሪካን ነው፤ እንስራው ለዚያች ለአንዲት ቀን ብቻ ከቆጥ ይወርዳል። ጆሮው ተሸርፏል፣ አፉ ደህና ነው። በሁለት ደቂቃ ተኩል ይሞላ የነበረ እንስራ አሁን ሰባት ደቂቃ ይፈልጋል ማለት ነው።

አንድ ጥርጣሬ ቀርቶኝ ነበርና ጠየቅኳት። «ዕድሜሽ ሲገፋ ምላስሽ አይዘገይም ወይ? ጸሎቱ ከዘገየ እኮ ልኩ ይዛባል» አልኳት።

ጥያቄው የሕፃን ጥያቄ ሆኖባት ሳቀች። «እሑድ እሑድ ከሕዝቡ ጋር አይደል የምለው? ስዘገይ ይጎትተኛል፣ ስፈጥን ይይዘኛል። እኔ አረጃለሁ እንጂ ሕዝቡ መቼ ያረጃል?»

ሰዓቴን ኪሴ ከተትኩ።

ተሰናብቻት ስወጣ አንድ ነገር ሳልጠይቅ መቅረቴ ትዝ አለኝና ከደጃፍ ተመልሼ፣ ልጅቷን ለምን ቁጠሪ ትያት እንደነበረ ጠየቅኳት። «እንድታውቀው ነዋ። እኔ ስሞት ማን ይቆጥራል?» አለች። ይህ በድርሰት ቢጻፍ ይፈቀዳል ወይ ብላትም፣ «ከጠቀማት ትጻፈው። ብቻ ቁጥሩን እንዳታሳምረው» ብላ መለሰችልኝ።

እንግዲህ እርማቴ ይህ ነው። ስለ እኔ የተጻፈው 214 ቃል ሁሉ ሐሰት ስለሆነ ይውጣ። ስለ ደስታነሽ የተጻፈው 66 ቃል እውነቱ ግማሽ ስለሆነ ይውጣ። ያኔ አምስት መቶ ልክ ይሆንልሻል፤ ነገር ግን ድርሰቱ ባለቤት አይኖረውም። ለእርሷ ቦታ ለማግኘት ሌላ የሚወጣ ፈልጊ። እኔ አንድ ቃል እንኳ አይገባኝም።

ይቅርታ የምጠይቀው ከሁለታችሁም ነው። ከእርሷ ጠይቄያለሁ።

የሽዋስ


ደብረ ማርቆስ፣ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ማርያማዊት

የልደቱ ሰላም በቤትሽ ይደር። አሥራ ሁለት ቀን ዝም ብለሻል። በእኔ ላይ ብታኮርፊ ተገቢ ነው፤ የፈለግሽውን ያህል አኩርፊ። ሳጥኑ ግን በአምስተኛው ቀን ይዘጋል፤ እርሱ ኩርፊያ አያውቅም። ድርሰቱን ላኪና ከዚያ በኋላ አኩርፊኝ። ዜማ ሱቋን በጠዋት ትከፍታለች፤ እኔም ከበሩ አልጠፋም።

የሽዋስ


ናይሮቢ፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ የሽዋስ

ዓይንዎን ያብራልኝ፣ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ።

አላኮረፍኩም። መጀመሪያ ሦስት ቀን ተቆጥቼ ነበር፤ መዋሸት ምንም አይጠቅመኝም። ከዚያ ግን ደብተሩን እንደገና አወጣሁት። የመጨረሻው ቁጥር ሰባት ነው። ጋሼ፣ በዚያ ዓመት ኅዳር ጽዮን ማግሥት ጀሪካኑን ትታ እንስራውን አስይዛ ልካኝ ነበር። ቤት ገብቼ «ሰባት» ያልኳት እኔ ነኝ። እርሷ «ልክ ነሽ» ብላ ነበር። ያን ጊዜ የምትፈትሸኝ መስሎኝ አኩርፌ ወጣሁ። የራሷን ቁጥር በእኔ ታመሳክር ነበር ለካ። ሦስት ወር ቆይቶ ደብተሩን ሲሰጡኝ ሰባቱ እዚያ ነበር። አሥራ አምስት ዓመት ሁለቱን ሰባቶች ጎን ለጎን አላስቀመጥኳቸውም። እኔ የውሃ ባለሙያ ነኝ፤ በየቀኑ ማስረጃ አመሳክራለሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ድርሰቱን እንደገና ጀመርኩት። የድሮውን ጥዬ ከባዶ ጻፍኩ። መጀመሪያው ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦

«እንጀራ እናቴ ደስታነሽ አታነብም። ሆኖም አንድን ምንጭ በአንድ እንስራና በአንድ ጸሎት ሃያ ሰባት ዓመት ለክታለች። እንስራው አልተለወጠም። ጸሎቱም አልተለወጠም። የተለወጠው ውሃው ነው። ለምን እንደተለወጠ ላውቅ እፈልጋለሁ።»

ይህን ከጻፍኩ በኋላ የሚወጣ መፈለግ አላስቸገረኝም። የተሸለምኩት ወጣ። የወሰድኳቸው ሥልጠናዎች ወጡ። ከእነዚያ ክሮች አጠገብ ሲቀመጡ ሁሉም እንደ «በጣም» ሆኑብኝ። እርስዎን ግን ሙሉ በሙሉ ሊያስወጡኝ አልቻሉም፤ በስምንት ቃል ገብተዋል፦ አንድ ጡረተኛ መምህር ጸሎቱን ለካው፣ ሠላሳ ስምንት ሰከንድ። ይህኛው እውነት ስለሆነ ቀይ አይንካው። ሠላሳ ዘጠኝ የወጣበትንም በግርጌው ሠንጠረዥ ላይ አስፍሬዋለሁ፤ ቁጥሩን አላሳመርኩትም።

ዛሬ በአሥር ሰዓት አስገባሁት። ሳጥኑ ተቀበለ። መልሱ ለመጋቢት ነው። ቢቀበሉኝም ባይቀበሉኝም የላክሁት እውነት መሆኑን አውቃለሁ።

ሳጥኑ ሥር ያለው የቃል ቆጣሪ 497 ይላል። ሦስት ቃል ተረፈኝ። ኮሚቴው ስለማይፈልጋቸው ለእርሷ ያድርሱልኝ፦

«እቴቴ፣ እየቆጠርኩ ነው።»

ልጅዎ ማርያማዊት


ደብረ ማርቆስ፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ማርያማዊት ልጄ

ሰላም ላንቺ ይሁን። ይህም ሰላምታ ሦስት ቃል ነው፤ ከአንቺ ተምሬያለሁ።

መንገዱ እንደገና ተዘግቶ ስለነበር አደራሽን ያደረስኩት ከትናንት በስቲያ ነው። ደስታነሽን ደጃፍ ላይ ምስር ስትለቅም አገኘኋት። ድርሰቱን በአማርኛ አነበብኩላት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እጇን ከሰፌዱ ላይ አላነሣችም፤ መልቀሟን ግን አቁማ ነበር። ስጨርስ «ቁጥሩ ልክ ነው» ብላ መልቀሟን ቀጠለች።

ከዚያ በኋላ ሦስቱን ቃል ነገርኳት።

«እቴቴ አለች?»

«አዎ፣ እቴቴ አለች።»

ሰፌዱን መሬት አኑራ ወደ ቤት ገባች። ረጅም ጊዜ ቆየች፤ ስንት ደቂቃ እንደሆነ አልለካሁም። ስትወጣ ቋጠሮ የሌለው አዲስ ክር ይዛለች። ጫፉን በጣቷ ጠቅልላ፣ ልትቋጥር ተዘጋጅታ፣ ፊቴ ቆመች።

«ስንት ደረሰች?» አለችኝ።

ቁጥሩን አልነገርሽኝም ነበር። ክሩን ይዛ እየጠበቀች ነው። ቁጥሩን ከነአሃዱ ጻፊልኝ።

የሽዋስ